የኮምካስትና የታይም ዋርነር ኬብል የውህደት ሙከራ

የኮምካስትና የታይም ዋርነር ኬብል የውህደት ሙከራ በአሜሪካ በደንበኞች ብዛት አንደኛና ሁለተኛ የነበሩት የኬብል ድርጅቶች ወደ አንድ ለመጠቅለል ያደረጉት፣ በመንግሥት የፀረ-ሞኖፖሊ ምርመራ ምክንያት ሳይፈጸም የቀረ የንግድ ስምምነት ነው። ስምምነቱ የካቲት 6 ቀን 2006 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 13 ቀን 2014) ይፋ ሆነ፤ ሚያዝያ 16 ቀን 2007 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 24 ቀን 2015) ፈረሰ። የተተመነለት ዋጋ 45.2 ቢሊዮን ዶላር ነበር።

ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሳይደርስ ስላለቀ የተጻፈ ፍርድ አልተወም። ይሁን እንጂ በኬብል ድርጅቶች ላይ የሚደረገው ቁጥጥር አቅጣጫውን የቀየረበት ጉዳይ ሆኖ ይጠቀሳል። ከዚያ በፊት ክርክሩ በአብዛኛው ስለ ቴሌቪዥን ጣቢያዎችና ስለ ወርሃዊ ሂሳብ ነበር። በዚህ ጉዳይ ግን ዋናው ጥያቄ ወደ ቤት የሚገባውን የኢንተርኔት መስመር ማን እንደያዘ፣ በዚያ መስመር ለማለፍ የሚፈልጉ ሌሎች ድርጅቶችስ ምን እንደሚደርስባቸው ሆነ።

ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.) የተጻፉ ናቸው።

ኬብል በየከተማው ብቸኛ የሆነበት ምክንያት

የኬብል ቴሌቪዥን በአሜሪካ የተጀመረው በ1940ዎቹ መጨረሻ፣ የቴሌቪዥን ሞገድ በተራራ ተጋርዶ በማይደርስባቸው ትንንሽ ከተሞች ነው። አንድ ነጋዴ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ትልቅ አንቴና ይተክልና ከዚያ ወደየቤቱ ሽቦ ይዘረጋ ነበር። ሥራው ሲስፋፋ የከተማ አስተዳደሮች ለድርጅቶች ፈቃድ መስጠት ጀመሩ፤ ብዙ ከተሞችም ለአንድ ድርጅት ብቻ ሰጡ።

በ1992 የወጣው ሕግ ለአንድ ድርጅት ብቻ የሚሰጥ ፈቃድን ከለከለ። ይህ ግን ብዙ ለውጥ አላመጣም። የኬብል ሥራ ወጪው በአብዛኛው መንገድ መቆፈር፣ ምሰሶ መከራየትና ሽቦ መዘርጋት ላይ ነው። ሁለተኛ የሚመጣ ድርጅት ያንኑ መንገድ እንደገና ቆፍሮ፣ ያንኑ ወጪ አውጥቶ የሚያገኘው ቢሳካለት ከነበሩት ደንበኞች ከፊሉን ነው። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛ አይመጣም። የምጣኔ ሀብት ምሁራን እንዲህ ያለውን ገበያ ተፈጥሯዊ ሞኖፖሊ ይሉታል።

በ1990ዎቹ መጨረሻ በዚያው የቴሌቪዥን ሽቦ ኢንተርኔት ማስተላለፍ ሲቻል የኬብል ድርጅቶች ሳያስቡት ትልቅ ሀብት እጃቸው ገባ። የስልክ ድርጅቶች የመዳብ መስመር የሚሸከመው ፍጥነት ከኬብሉ እያነሰ ሄደ፤ በብርሃን ገመድ ለመተካት የሞከሩትም (ለምሳሌ ቬራይዘን) ወጪው ከብዷቸው ዝርጋታውን ገደቡት። የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ሊቀመንበር ቶም ዊለር በ2014 እንደገለጹት፣ በሰከንድ 25 ሜጋቢት ፍጥነት ለሚፈልግ ሰው ከአሜሪካ ቤቶች ሦስት አራተኛው አማራጭ አልነበራቸውም። ቶም ዊለር በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ መጀመሪያ የኬብል ድርጅቶች ማኅበር ፕሬዚዳንት ስለነበሩ፣ ሲሾሙ ለኬብል ያደላሉ ተብለው የተተቹ ሰው ናቸው።

ሁለቱ ድርጅቶች

ኮምካስት በ1963 ራልፍ ሮበርትስ በሚሲሲፒ ግዛት ቱፔሎ ከተማ 1,200 ደንበኞች ያሉት ትንሽ የኬብል ድርጅት ሲገዙ ተጀመረ። ዋና መሥሪያ ቤቱ ፊላዴልፊያ ነው። ሌሎችን እየገዛ አደገ፤ በ2002 የኤቲ ኤንድ ቲን የኬብል ክፍል ሲጠቀልል የአገሪቱ ትልቁ የኬብል ድርጅት ሆነ። በስምምነቱ ጊዜ የሚመሩት የመሥራቹ ልጅ ብራያን ሮበርትስ ነበሩ።

ታይም ዋርነር ኬብል ኒው ዮርክንና ሎስ አንጀለስን ጨምሮ በትልልቅ ከተሞች ይሠራ ነበር። ከስሙ የተነሳ ብዙ ሰው ከፊልምና ቴሌቪዥን ድርጅቱ ከታይም ዋርነር ጋር ያምታታዋል፤ ነገር ግን በ2009 ከእናት ድርጅቱ ተለይቶ ራሱን የቻለ ሆኗል። በ2014 ኮምካስት ወደ 22 ሚሊዮን፣ ታይም ዋርነር ኬብል ወደ 11 ሚሊዮን የቴሌቪዥን ደንበኞች ነበሯቸው።

የሕጉ መሠረት

በአሜሪካ እንዲህ ያለው ውህደት በሁለት መሥሪያ ቤቶች ይታያል፤ ሁለቱም የሚጠይቁት ጥያቄ የተለያየ ነው።

የመጀመሪያው የፍትሕ ሚኒስቴር ነው። በ1890 የወጣው የሸርማን ሕግ ንግድን የሚያፍኑ ሽርክናዎችንና ሞኖፖሊን ይከለክላል። በ1914 የወጣው የክሌይተን ሕግ 7ኛ ክፍል ደግሞ ውድድርን በከፍተኛ ደረጃ ሊቀንስ የሚችል ግዢ ወይም ውህደት ገና ጉዳቱ ሳይደርስ እንዲታገድ ይፈቅዳል። ከ1976 ጀምሮ ትልልቅ ውህደቶች ከመፈጸማቸው በፊት ለመንግሥት መመዝገብ አለባቸው። ሚኒስቴሩ ራሱ አያግድም፤ ፍርድ ቤት ሄዶ ጉዳቱን ማስረዳት ግዴታው ነው።

ሁለተኛው የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ነው። በ1934ቱ የኮሙኒኬሽን ሕግ መሠረት የሞገድና የማስተላለፊያ ፈቃዶች ከአንዱ ወደ ሌላው ሲተላለፉ ኮሚሽኑ ዝውውሩ ለሕዝብ ጥቅም መሆኑን ማመን አለበት። እዚህ ላይ የማስረዳት ሸክሙ የመንግሥት ሳይሆን የድርጅቶቹ ነው። ይህ ልዩነት የአሠራር ዝርዝር ቢመስልም በኮምካስት ጉዳይ ወሳኝ ሆኗል።

ኮሚሽኑ አንድ የኬብል ድርጅት ከአገሪቱ የክፍያ ቴሌቪዥን ደንበኞች ከ30 በመቶ በላይ እንዳይዝ የሚከለክል ደንብም ነበረው። የዋሽንግተኑ የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ይህን ደንብ መጀመሪያ በ2001፣ እንደገና በ2009 ሽሮታል፤ የሁለተኛው ጊዜ ከሳሽ ኮምካስት ራሱ ነበር። የሚገርመው፣ ኮምካስት በ2014 ታይም ዋርነርን ለመግዛት ሲነሳ ራሱ ያስሻረውን ያንኑ የ30 በመቶ ጣሪያ በፈቃዱ እንደሚያከብር ቃል ገባ።

የኤንቢሲ ዩኒቨርሳል ቅድመ ታሪክ

ኮምካስት በዲሴምበር 2009 የኤንቢሲ ዩኒቨርሳልን 51 በመቶ ድርሻ ከጄኔራል ኤሌክትሪክ ለመግዛት ተስማማ። ይህ የሁለት ተመሳሳይ ድርጅቶች ውህደት አልነበረም፤ ሽቦ ያለው ድርጅት በሽቦው የሚተላለፉትን ጣቢያዎችና ፊልሞች የሚገዛበት ነበር። መንግሥት በጃንዩዌሪ 2011 ፈቀደ፤ ኮሚሽነሮቹ 4 ለ 1 ድምፅ ሰጡ። ፈቃዱ ግን ለሰባት ዓመት በሚቆዩ ብዙ ግዴታዎች የታሰረ ነበር። ኮምካስት ፕሮግራሞቹን ለኢንተርኔት ቪዲዮ ድርጅቶች በአግባቡ እንዲሸጥ፣ በኢንተርኔት መስመሩ ላይ የሌላውን አገልግሎት እንዳያዳላ፣ ያለ ቴሌቪዥን ኢንተርኔት ብቻ የሚሸጥበት ጥቅል እንዲኖረው፣ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ቤተሰቦች በወር 9.95 ዶላር ኢንተርኔት እንዲያቀርብ ተደረገ። «ሁሉ» በተባለው የቪዲዮ ድርጅት (የአማርኛው ቃል ሳይሆን የንግድ ስም ነው) ውስጥ በነበረው ድርሻም በአስተዳደሩ እንዳይገባ ተከለከለ።

ግዴታዎቹን ማስፈጸም ከመጻፍ ይልቅ ከባድ ሆነ። በ2012 ኮምካስት ኢንተርኔት ብቻ የሚሸጥበትን ጥቅል ለደንበኞች በበቂ ሁኔታ አላስተዋወቀም የሚለውን ምርመራ ለመዝጋት 800,000 ዶላር ከፈለ። ብሉምበርግ ቴሌቪዥን ጣቢያው ከሌሎች የዜና ጣቢያዎች ጎን እንዲቀመጥለት በመጠየቅ ለረጅም ጊዜ ተከራከረ። ለውህደቱ ድምፅ ከሰጡት ኮሚሽነሮች አንዷ ሜሪዲዝ አትዌል ቤከር ከአራት ወር በኋላ በኮምካስት ተቀጥረው መሄዳቸው ደግሞ ሰፊ ትችት አስነሳ። ሦስት ዓመት ቆይቶ ኮምካስት ሌላ ትልቅ ጥያቄ ይዞ ሲመጣ እነዚህ ነገሮች አልተረሱም ነበር።

ስምምነቱ

በጃንዩዌሪ 2014 በጆን ማሎን የሚደገፈው ቻርተር ኮሙኒኬሽንስ የተባለ አነስተኛ የኬብል ድርጅት ታይም ዋርነር ኬብልን ለመግዛት ለአንድ አክሲዮን 132.50 ዶላር አቀረበ። የታይም ዋርነር አመራር ዋጋው አንሷል ብሎ እምቢ አለ። በሚቀጥለው ወር ኮምካስት ለእያንዳንዱ አክሲዮን 158.82 ዶላር የሚያወጣ የራሱን አክሲዮን ለመስጠት ተስማማ፤ ቻርተርም ከጨዋታ ወጣ።

ኮምካስት የተቆጣጣሪዎችን ቅሬታ አስቀድሞ ለመቀነስ በኤፕሪል 2014 ከዚያው ከቻርተር ጋር ሌላ ውል ገባ። በዚህም ወደ 3.9 ሚሊዮን የሚጠጉ ደንበኞችን በሽያጭና አዲስ ድርጅት በማቋቋም ለመልቀቅ አሰበ፤ አዲሱ ኮምካስትም ከክፍያ ቴሌቪዥን ደንበኞች ከ30 በመቶ ትንሽ ዝቅ ያለ ድርሻ ይኖረዋል ተባለ። ስምምነቱ መንግሥት ቢከለክለው ኮምካስት ለታይም ዋርነር የሚከፍለው የማፍረሻ ካሳ አልነበረውም፤ ይህም ኮምካስት እንደሚሳካለት ምን ያህል እንደተማመነ ያሳያል።

ክርክሩ

የኮምካስት ዋና መከራከሪያ ቀላልና እውነት ነበር፦ ሁለቱ ድርጅቶች በየትኛውም ሰፈር አይወዳደሩም። ፊላዴልፊያ የሚኖር ሰው ታይም ዋርነርን፣ ማንሃታን የሚኖር ሰው ኮምካስትን የመምረጥ ዕድል አልነበረውም። ስለዚህ ውህደቱ የማንንም ቤተሰብ ምርጫ አይቀንስም፤ ትልቅ ሲሆኑ ደግሞ በፍጥነትና በቴክኖሎጂ የበለጠ ገንዘብ ማፍሰስ ይችላሉ ተባለ። የድርጅቱ ምክትል ፕሬዚዳንት ዴቪድ ኮኸን ግን የደንበኞች ሂሳብ እንደሚቀንስ፣ ወይም ጭማሪው እንደሚዘገይ እንኳ ቃል እንደማይገቡ በግልጽ ተናግረው ነበር።

ይህን መከራከሪያ በቤተሰቡ በኩል ሆኖ ማፍረስ አስቸጋሪ ነው። ተቃዋሚዎች ያፈረሱት ከሌላው ጫፍ በመነሳት ነው። የኢንተርኔት መስመር ሁለት ዓይነት ተጠቃሚ አለው፤ በአንደኛው ጫፍ በየቤቱ ያለው ደንበኛ፣ በሌላው ጫፍ ወደ እነዚያ ቤቶች ለመድረስ የሚፈልግ የቪዲዮ፣ የጨዋታ ወይም የዜና ድርጅት። ለቤተሰቡ በፊላዴልፊያም ሆነ በኒው ዮርክ ያለው ኬላ አንድ ነው፤ ከውህደቱ በፊትም በኋላም አንድ ነው። አገር አቀፍ ገበያ ለሚፈልገው ድርጅት ግን ሁለት የነበሩት ኬላ ጠባቂዎች አንድ ይሆናሉ። ከአንዱ ጋር ባይስማማ በሌላው በኩል ደንበኛ አግኝቶ መቆየት ይችል የነበረው ድርጅት፣ ያ መውጫ ይዘጋበታል።

የኔትፍሊክስ ነገር ይህን ሐሳብ ከወረቀት አውጥቶ ሰው በቤቱ የሚያየው ነገር አደረገው። በዚያን ጊዜ ኔትፍሊክስ በሰሜን አሜሪካ ማታ ማታ ወደ ቤቶች ከሚወርደው የኢንተርኔት ፍሰት ሲሶ ያህሉን ይይዝ ነበር። ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ በኮምካስት መስመር የሚታዩ ፊልሞች ጥራት እየወረደና እየተቆራረጠ ሄደ። ችግሩ ወደየቤቱ በሚገባው ሽቦ ላይ አልነበረም፤ የኔትፍሊክስን ፍሰት የሚያመጡት ድርጅቶች ከኮምካስት መረብ ጋር የሚገናኙበት በር ላይ መጨናነቅ ነበር። በሩን ማን ያስፋ፣ ወጪውን ማን ይክፈል የሚለው አልተስማማም። ውህደቱ ይፋ ከሆነ ከአሥር ቀን በኋላ፣ በፌብሩዋሪ 23 ቀን 2014፣ ኔትፍሊክስ ለኮምካስት ከፍሎ በቀጥታ ለመገናኘት መስማማቱ ተነገረ፤ የፊልሞቹም ፍጥነት ወዲያው ተሻሻለ። ኮምካስት እንዲህ ያለ ክፍያ በኢንተርኔት ንግድ የቆየ ልማድ መሆኑን፣ ፍሰቱን በተጨናነቀ መንገድ የላከው ኔትፍሊክስ ራሱ መሆኑን ተከራከረ። ኔትፍሊክስ በበኩሉ ተገድዶ እንደከፈለ ገልጾ በኤፕሪል ውህደቱን በይፋ ተቃወመ። ጥፋቱ የማንም ይሁን፣ ኮምካስት ራሱ ቴሌቪዥን ሻጭ መሆኑ የነገሩን ክብደት ይጨምረዋል፤ ኔትፍሊክስን ይዞ የኬብል ጥቅሉን የሚያቋርጥ ደንበኛ ሁሉ ለኮምካስት ኪሳራ ነበር።

የቴሌቪዥኑ ክርክርም አልቀረም። በዚያው ዓመት ታይም ዋርነር ኬብል የሎስ አንጀለስ ዶጀርስ የቤዝቦል ቡድን ጨዋታዎችን የሚያሳየውን ጣቢያ ያከፋፍል ነበር፤ ሌሎች አሰራጮች የተጠየቁትን ዋጋ አልከፍልም ስላሉ አብዛኛው የከተማዋ ቤተሰብ የራሱን ቡድን ማየት አልቻለም። በኬብሉ ባለቤት እጅ ያለ ተፈላጊ ጣቢያ ተቀናቃኝን ለመጉዳት እንዴት እንደሚያገለግል ለማሳየት ተቃዋሚዎች ይህን ደጋግመው ያነሱ ነበር።

በሴኔት ከሚኒሶታው ሴናተር አል ፍራንከን የከረረ ተቃውሞ መጣ። ኮምካስት በ2014 ሕግ አውጪዎችን ለማግባባት ከ15 ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥቷል። ሁለቱ ድርጅቶች በደንበኞች እርካታ ጥናቶች ግርጌ ላይ የነበሩ መሆናቸው ግን አልጠቀማቸውም። በጁላይ 2014 አገልግሎቱን ለማቋረጥ የደወለ አንድ ደንበኛን የኮምካስት ሠራተኛ ምክንያትህን ካልነገርከኝ እያለ ሲያደርቀው የሚሰማበት ቅጂ በኢንተርኔት ተሰራጭቶ፣ ድርጅቱ ይቅርታ ጠየቀ። እንዲህ ያለው ነገር በሕግ ፊት ማስረጃ አይደለም፤ ፖለቲከኞች ድርጅቱን ለመደገፍ እንዲያፍሩ ግን ያደርጋል።

ምርመራው

ምርመራው 14 ወር ፈጀ። ኮሚሽኑ ለእንዲህ ያለ ጉዳይ የሚያወጣው የ180 ቀን ሰሌዳ ብዙ ጊዜ ቆሟል። አንደኛው ምክንያት የቴሌቪዥን ድርጅቶች ከኮምካስት ጋር ያላቸውን ምስጢራዊ ውል ተቀናቃኞቻቸው እንዲያዩት አንፈልግም ብለው መክሰሳቸው ነበር፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በኖቬምበር 2014 ሰነዶቹ እንዳይታዩ ለጊዜው አገደ። ሌላው ታይም ዋርነር በሺዎች የሚቆጠሩ ሰነዶችን ዘግይቶ ማቅረቡ ነበር።

በ2015 መጀመሪያ ሁለት ውሳኔዎች መሬቱን ቀየሩት። በጃንዩዌሪ 29 ኮሚሽኑ «ብሮድባንድ» ለመባል የሚያስፈልገውን ዝቅተኛ የማውረጃ ፍጥነት ከ4 ወደ 25 ሜጋቢት አሳደገ። በዚህ መለኪያ ቀርፋፋዎቹ የስልክ መስመሮች ከቁጥሩ ሲወጡ፣ ከውህደቱ በኋላ ኮምካስት ከአገሪቱ የፈጣን ኢንተርኔት ደንበኞች ከግማሽ በላይ እንደሚይዝ ታየ። በቴሌቪዥን 30 በመቶ የነበረው ሥዕል በኢንተርኔት ወደ 60 በመቶ ተጠጋ። በፌብሩዋሪ 26 ደግሞ ኮሚሽኑ ወደ 4 ሚሊዮን የሚጠጉ የሕዝብ አስተያየቶች ከቀረቡበት ክርክር በኋላ 3 ለ 2 በሆነ ድምፅ የኢንተርኔት አቅራቢዎችን እንደ ስልክ ድርጅት ለሁሉም እኩል የማገልገል ግዴታ ያለባቸው አደረጋቸው። የኢንተርኔት ቴሌቪዥንም በዚያው ሰሞን እየተወለደ ነበር፤ ዲሽ ኔትወርክ ስሊንግ ቲቪን በፌብሩዋሪ ጀመረ፣ ኤችቢኦ ያለ ኬብል የሚታይ አገልግሎቱን በኤፕሪል አወጣ። ኬብልን ሊፎካከሩ የመጡት አገልግሎቶች ሁሉ ወደ ቤት የሚገቡት በኬብሉ ሽቦ ነበር።

መፍረሱ

በኤፕሪል 22 ቀን 2015 የሁለቱ ድርጅቶች መሪዎች በዋሽንግተን የፍትሕ ሚኒስቴርንና የኮሚሽኑን ባለሥልጣናት አነጋገሩ። የሚኒስቴሩ ሠራተኞች ለመክሰስ ማዘንበላቸው ቀደም ብሎ በዜና ወጥቶ ነበር። የኮሚሽኑ ሠራተኞች ደግሞ ጉዳዩ በአስተዳደር ዳኛ ፊት እንዲሰማ ሐሳብ አቀረቡ። ስሙ ተራ ሥነ ሥርዓት ቢመስልም በዘርፉ ያሉ ሰዎች ትርጉሙን ያውቁታል። ችሎቱ ብዙ ወራት ይፈጃል፣ ውህደቱ ለሕዝብ እንደሚጠቅም የማስረዳት ሸክሙም በድርጅቶቹ ላይ ይወድቃል። በ2002 የኤኮስታርና የዳይሬክቲቪ የሳተላይት ውህደትም ወደዚያ ከተመራ በኋላ ፈርሷል።

ከሁለት ቀን በኋላ ኮምካስት ስምምነቱን አፈረሰ። ብራያን ሮበርትስ መንግሥት ስላልተስማማ ወደ ሌላ ሥራ እንደሚሄዱ ተናገሩ። የፍትሕ ሚኒስቴር በመግለጫው ውህደቱ ኮምካስትን በኢንተርኔት ለሚሠሩ አገልግሎቶች ሊታለፍ የማይችል በር ጠባቂ ያደርገው እንደነበር አስታወቀ። በ2011 የተሠራበት መንገድ፣ ማለትም ፈቅዶ በግዴታ ማሰር፣ በዚህ ጊዜ መውጫ አልሆነም።

ከዚያ በኋላ

ከአንድ ወር ያህል በኋላ ቅድም የተሸነፈው ቻርተር ተመልሶ መጣ። በሜይ 26 ቀን 2015 ታይም ዋርነር ኬብልን ዕዳውን ጨምሮ በ78.7 ቢሊዮን ዶላር፣ ብራይት ሐውስ የተባለውን ሌላ የኬብል ድርጅት ደግሞ በ10.4 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት ተስማማ። ቻርተር ከኮምካስት ያነሰና እንደ ኤንቢሲ ያለ ትልቅ የጣቢያዎች ንብረት የሌለው ስለነበር መንግሥት በግዴታዎች አስሮ ፈቀደለት፤ ግዢው በሜይ 18 ቀን 2016 ተፈጸመ። ለሰባት ዓመት የዳታ ጣሪያ እንዳያበጅ፣ እንደ ኔትፍሊክስ ካሉ ድርጅቶች የመገናኛ ክፍያ እንዳይጠይቅ፣ ለ2 ሚሊዮን ተጨማሪ ቤቶች ፈጣን መስመር እንዲዘረጋ ተደረገ፤ ከእነዚህም ግማሹ ሌላ አቅራቢ ባለበት አካባቢ እንዲሆን ተወሰነ። የኬብል ድርጅት ሌላ ድርጅት ባለበት ገብቶ እንዲወዳደር በመንግሥት መታዘዙ ብዙ ጊዜ የማይታይ ነገር ነው።

የተቆጣጣሪዎቹ አቋም ግን በየአስተዳደሩ ይለዋወጣል። የ2015ቱ የእኩል አገልግሎት ደንብ በዲሴምበር 2017 ተሻረ፣ በ2024 ተመለሰ፣ በጃንዩዌሪ 2025 ደግሞ በይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ወደቀ። የፍትሕ ሚኒስቴር በ2017 ኤቲ ኤንድ ቲ ታይም ዋርነርን (የፊልሙን ድርጅት) እንዳይገዛ ከስሶ በጁን 2018 በዳኛ ሪቻርድ ሊዮን ፊት ተሸነፈ፤ ይግባኙም በፌብሩዋሪ 2019 አልተሳካለትም። ይህ ፍርድ ሽቦ ያለው ድርጅት ፕሮግራም አምራቹን ሲገዛ ጉዳቱን በፍርድ ቤት ማስረዳት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አሳየ። የኮምካስት ጉዳይ ለችሎት ቢቀርብ ኖሮ እንዴት ይፈረድ ነበር የሚለው ጥያቄም ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ይነሳል።

ኮምካስት በኤንቢሲ ግዢ ጊዜ የገባቸው ግዴታዎች በ2018 አበቁ፤ በዚያው ዓመት የአውሮፓውን የስካይ ቴሌቪዥን ድርጅት ገዛ። በቻርተር ላይ ከተጣሉት ግዴታዎች የመገናኛ ክፍያን የሚከለክለውን በኦገስት 2020 ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ሻረው፤ የዳታ ጣሪያ ክልከላው እስከ ሜይ 2023 ቆየ። በሜይ 2025 ቻርተር ኮክስ የተባለውን የኬብል ድርጅት በ34.5 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት መስማማቱን አስታወቀ፤ ያቀረበው መከራከሪያም ሁለቱ በአብዛኛው በአንድ ሰፈር አይሠሩም የሚል ነበር።